የኮሮላዬ የፊት መብራት፦ ከአምፖሉ በፊት ሽቦው

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደሴ

መኪናዬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1998 ሞዴል ኮሮላ ናት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ፍሬኗም ደህና ይይዛል። የፊት መብራቷ ግን በጣም ደክሟል። አጭሩን ሳበራ ከአፍንጫዋ ብዙም የማይርቅ ቢጫ ብርሃን ብቻ ነው ያላት። ረጅሙን ሳበራ ደግሞ የባሕር ዛፍ ጫፍ ያሳየኛል እንጂ አስፋልቱን አያሳየኝም።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ከሥራ ስወጣ አብዛኛውን ጊዜ መሽቷል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ያንን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው የምንወጣው፤ መሐሉ የሐረጎ ዳገት ነው። ኩርባው አያልቅም። ክረምት ሲገባ ጉሙ መንገዱ ላይ ይተኛል። ከፊት ተሳቢ ይመጣል፣ ከኋላ ሚኒባስ ይጫንሃል፣ ዳር ላይ ደግሞ አህያ የሚነዳ ሰው አለ። እዚህ መንገድ ላይ በደከመ መብራት መንዳት በራስም በሰውም ሕይወት መጫወት ነው።

የመደብኩት 3,000 ብር ነው። ከዚያ ካለፈ የቤት ወጪ ይነካል። በዚህ ብር የመብራቱን ቤት ሙሉ በሙሉ በአዲስ መቀየር አይታሰብም። ስለዚህ ሐሳቤ ያለውን ማዳን ነው።

ኮፋኖውን ከፍቼ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ጥቁሩን ጎማ አወጣሁ፤ የሽቦ መያዣውን ለቀቅኩ። አምፖሉ ኤች 4 የሚባል ሃሎጅን ነው። ሦስት እግርና ሁለት ክር አለው፤ አንዱ ክር ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም። ከአጭሩ ክር ሥር ትንሽ ጎድጓዳ የብረት ከለላ አለች። የክሩ ብርሃን በመብራቱ ቤት የታችኛው ግማሽ ላይ እንዳያርፍ የምታግደው እሷ ናት። እዚያ ካረፈ ወደ ላይ ይነጥርና ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህችን ከለላ ልብ በሉልኝ፤ ሱቅ ስሄድ እመለስባታለሁ።

የአምፖሉ መስታወት ግማሹ ግራጫ ሆኗል። እንዲህ የጠቆረ አምፖል ቢበራም ዕድሜው አልቋል። ቢሆንም አዲስ ልግዛ ብዬ አልሮጥኩም። መጀመሪያ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት

ከጎረቤት ዲጂታል ቴስተር ተዋስኩ።

ልኬቱ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱም በርቶ መሆን አለበት። ሶኬቱን ነቅሎ ባዶውን መለካት ያታልላል። ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ ካልሆነ የተበላሸ ሽቦም ሙሉ ቮልት ያሳያል። እኔ ሶኬቱን እንደተሰካ ትቼ የቴስተሩን መርፌ ከጀርባው በሽቦው ጎን አሾለክሁት።

ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት አነበብኩ። ዲናሞው ደህና ነው ማለት ነው። የቀኙ አምፖል እግር ላይ ግን 12.2፤ የግራው ላይ 12.5።

በቀኙ ወደ ሁለት ቮልት የሚጠጋ ነገር መንገድ ላይ ቀርቷል። ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ግን ከቮልቱ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ አካባቢ ይቀንሳል። በእኔ ስሌት የቀኙ አምፖል፣ ባትሪው ላይ ያለው ሙሉ ቮልት ቢደርሰው ከሚሰጠው ብርሃን 40 በመቶ ገደማ እያጣ ነው። ቢጫነቱም ከዚሁ ይመጣል። ክሩ በደንብ ካልጋለ ብርሃኑ ይቀላል።

የት እንደሚጠፋም ፈለግሁ። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ አምፖሉ 0.9 ቮልት፤ ከአምፖሉ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ 1.0 ቮልት። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ብቻ ነው የሚፈትሸው። ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ፣ የሚያየው የለም። እዚህ ግን ከግማሽ በላዩ የጠፋው በማሳ በኩል ነው።

ምክንያቱም ታየኝ። በዚህች መኪና ፖዘቲቩ በቀጥታ ሁለቱ ክሮች ወደሚጋሩት የአምፖሉ እግር ይመጣል፤ መሪው ሥር ያለው ማብሪያ የሚዘጋውና የሚከፍተው ማሳውን ነው። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች እንዲህ ናቸው። ኤሌክትሪኩ አምፖሉን ካበራ በኋላ በቀጭን ሽቦ እስከ መሪው ድረስ ሄዶ፣ ያረጀውን ማብሪያ አልፎ ነው ማሳ የሚያገኘው። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ ማብሪያ ውስጡ ተቃጥሏል፣ ጠቁሯል። ቮልቱን የሚበላው እሱ ነው።

እንግዲህ ዕቅዱ ተቀየረ። አምፖል መግዛቱ አይቀርም፤ ዋናው ሥራ ግን ሽቦው ነው።

እሑድ

ዛሬ የመብራቱን ፊት ሳጸዳ ዋልኩ። ፕላስቲኩ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል። ፋብሪካው የቀባው መከላከያ ሲያልቅ አልትራቫዮሌት ጨረር ፕላስቲኩን ራሱን ይበላዋል፤ ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ አትምርም።

በዙሪያው ያለውን ቀለም በፕላስተር ሸፈንኩ። የብርጭቆ ወረቀት ባለ 800 አስቀደምኩ፤ ቀጥሎ 1500፤ ከዚያ 2000። ሁሌም በውሃ። መጀመሪያ ቢጫ ውሃ ይወርዳል። ነጭ መውረድ ሲጀምር ቢጫው አልቋል ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ቁጥር ማለፍ ይቻላል። እያንዳንዱ ቁጥር የፊተኛውን ጭረት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አለበት። በ800 ላይ የቀረ ጭረት በ2000 አይጠፋም፤ ማታ ላይ ብርሃኑን ይበትነዋል። በመጨረሻ በማለስለሻ ኮምፓውንድ በጥጥ ጨርቅ አሸሁት።

በጥርስ ሳሙና የሚያሹ አሉ። ለጊዜው ያጠራል፤ መከላከያ ስለሌለው ግን ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። መቀባት አለበት። የመኪና ቀለም የሚቀባ ጎረቤት አለን፤ ለሌላ መኪና ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ቅብ) ሲበጠብጥ ለእኔም በዚያው እንዲረጭልኝ ተስማማን። ለብቻ ክሊርና ሃርድነር ከመግዛት በጣም ይረክሳል። 500 ብር ከፈልኩት። ለወረቀቱና ለኮምፓውንዱ ደግሞ 450 ወጥቷል።

ሰኞ፣ መለዋወጫ ሱቅ

ልጁ ገና ኤች 4 ስለው ባለ 100/90 ዋት አወጣልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄን ግጠም፤ ሌሊቱን ቀን ነው የሚያደርግልህ።»

አልወሰድኩም። የመኪናዋ አምፖል 60/55 ዋት ነው፤ 60 ለረጅሙ፣ 55 ለአጭሩ። ሁለቱ በአጭር ሲበሩ ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። ባለ 90 ሁለት ስገጥም ከ13 አምፔር በላይ ይሄዳል። ያው ቀጭን ሽቦ፣ ያው የተቃጠለ ማብሪያ! አምፔሩ ሲጨምር መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልትም ይጨምራል፤ ስለዚህ ከተጨመረው ዋት ጥቂት የማይባለው ሽቦ ማሞቂያ ነው የሚሆነው። ሶኬቱ ይቀልጣል። ትናንት ያጸዳሁት ፕላስቲክም በሙቀቱ ይጎዳል።

ቀጥሎ ኤል ኢ ዲ አሳየኝ። ጀርባው ላይ ማራገቢያ ያለው፣ ነጭ። ፈተንኩት፤ ግድግዳ ላይ በጣም ያበራል። ከለላዋ እዚህ ላይ ነው የምትመጣው። የኮሮላዋ መብራት ቤት የተሠራው ለክር ነው። ክሩ ያለበት ቦታ በሚሊ ሜትር የተለካ ነው። ኤል ኢ ዲው ግን ግራና ቀኝ የተለጠፈ ጠፍጣፋ ቺፕ ነው። ቦታው ትንሽ ካፈነገጠ ብርሃኑ ወደ ላይ ይበተናል። ለራስ የበራ ይመስላል፣ ቅርብ ያለው አስፋልት ነጭ ይሆናል፤ ሩቁ ግን ጨለማ ነው። ከፊት የሚመጣው ደግሞ ምንም አያይም። ሐረጎ ላይ ከፊት የሚመጣው ባለ ተሳቢ ኩርባ ላይ ዓይኑን ካጣ፣ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። በግሌ በጣም የሚያናድደኝ ነገር ይሄ ነው። የራሱን መንገድ ለማየት የሰውን ዓይን የሚያጠፋ ሹፌር በዝቷል።

ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሃሎጅንም ነበር። ቀለሙ ብርሃን ያግዳል እንጂ አይጨምርም። ለውበት ነው፤ ለመንገድ አይደለም።

የታወቀ ፋብሪካ ተራ ባለ 60/55 ገዛሁ። ሁለቱ 900 ብር። ሁለት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚቀሰቀስ ማብሪያ) ከነሶኬታቸው 400።

ረቡዕ ማታ

ሸዋ በር አካባቢ የሚሠሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እጃቸው ግን አሁንም ፈጣን ነው። ሱቁ አብሮ የሸጠልኝን የተዘጋጀ የሪሌ ሽቦ ይዤ ሄድኩ፤ ባይሆን እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ ና ግባ ልጄ። ምን ይዘህ መጣህ?»

ሽቦውን ተቀበሉኝ። ላስቲኩን በጥፍራቸው ገፈፍ አደረጉና አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት። ከላይ መዳብ ይመስላል። ከፋቁት በኋላ ውስጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። መብራቱ ሥር አስጠግተው አሳዩኝ። አሉሚኒየም ነው፤ መዳብ የተቀባ።

«ይሄ አያደርስህም። ላስቲኩ ወፍራም፣ ሆዱ ባዶ። መልስላቸው» አሉኝ። «ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ የመኪና ሽቦ በሜትር ግዛ። የቤት ሽቦ እንዳትገዛ፤ ድርቁ በንዝረት ይሰበራል።»

ማሳውን ማብሪያው እንደሚዘጋው ነገርኳቸው። ሪሌው ይህን ይቀበል እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አብሽር። የሪሌ ጠመዝማዛ ፖዘቲቩ በየት ቢመጣ ግድ የለውም፤ ዳዮድ ያለው ካልሆነ።» ወረቀት ቀድደው በእስክሪብቶ ሳሉልኝ። ወረቀቱን ኮፋኖው ውስጠኛ ክፍል ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፤ ነገ ሌላ ሰው ቢከፍተው ይገባዋል። ገንዘብ ልስጣቸው ስል እሺ አላሉም፤ ሻይ አብረን ጠጣን።

ቅዳሜ

ሙሉ ቀን ሥራ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ባትሪ ተሰክቶ ሽቦ መንካት አያስፈልግም።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የድሮው ሽቦና ማብሪያ ከእንግዲህ አምፖሉን አያበሩም፤ ሪሌውን ብቻ ይቀሰቅሳሉ። ለዚያ የሚያስፈልገው አምፔር በጣም ትንሽ ነው። የአምፖሉን ኤሌክትሪክ ሪሌው ከባትሪው በአጭርና በወፍራም ሽቦ ይወስዳል።

ሪሌው ላይ አራት ቁጥሮች ተጽፈዋል፦ 30፣ 87፣ 85፣ 86። ከባትሪው ፖዘቲቭ በቫልቮላ (ፊውዝ) አድርጌ 30 ላይ አስገባሁ። 87 ወደ አምፖሎቹ ይሄዳል፤ የአንዱ ሪሌ ወደ አጭሩ እግር፣ የሌላው ወደ ረጅሙ። የድሮውን የቀኝ ሶኬት ለመቀስቀሻ ተጠቀምኩበት። ፖዘቲቩን ለሁለቱም 85 አካፈልኩ፤ ከማብሪያው የሚመጡትን የአጭርና የረጅም ሽቦዎች ለየሪሌው 86 ሰጠሁ። የግራውን የድሮ ሶኬት በናስትሮ ጠቅልዬ አሰርኩት።

ለአጭርና ለረጅም ለየብቻ ባለ 15 አምፔር ቫልቮላ ነው ያደረግሁት። በአንድ ቫልቮላ ቢሆን እሱ ሲቃጠል ኩርባ ላይ ሁለቱም ይጠፋሉ። ለየብቻ ሲሆን አንዱ ቢሄድ ሌላው ይተርፋል። ቫልቮላዎቹ ከባትሪው አጠገብ ናቸው። ሩቅ ቢሆኑ ከባትሪው እስከ ቫልቮላው ያለው ሽቦ ተፈግፍጎ ቦዲ ሲነካ የሚያቆመው የለም፤ መኪና የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ማሳው ላይ ጊዜ ወሰድኩ። ከእያንዳንዱ አምፖል ባለ 2.5 ሽቦ አውጥቼ ቦዲው ላይ አሰርኩ፤ ከዚያ ነጥብ ደግሞ ሌላ ሽቦ ቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ወሰድኩ። ብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ፋቅኩት፤ ካሰርኩ በኋላ ዝገት እንዳይገባ ግራሶ ቀባሁት። የሽቦ ጫፎቹን ካፖኮርዳ (የጫፍ ብረት) ውስጥ ጨምቄ በስታኞ በየድኳቸው። ሁሉንም በፕላስቲክ ቱቦ አልፌ ከራዲያተሩ አራቅሁ። ለሽቦ፣ ለቫልቮላ ቤትና ለዝርዝር ነገር 600 ብር ወጣ።

አዲሱን አምፖል ስገጥም መስታወቱን በጣቴ አልነካሁትም። የእጅ ቅባት ከቀረበት ያ ቦታ ከሌላው በላይ ይግልና አምፖሉ ያለጊዜው ይሄዳል። በሶፍት ይዤ በብረቱ በኩል ነው ያስገባሁት። የተነካ ካለ በአልኮል መጥረግ ነው።

ከዚያ ቴስተሩ። ሞተሩ በርቶ፣ አጭር መብራት በርቶ፦ ባትሪው 14.1፤ ቀኝ 13.6፤ ግራ 13.7።

በቀኙ ከ12.2 ወደ 13.6! በስሌት ብርሃኑ 45 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያውም በዚያው ዋት። ኤች 4 በፋብሪካ ሲመዘን በ13.2 ቮልት 1,000 ሉመን በአጭር፣ 1,650 በረጅም ነው ደረጃው። አሁን ያንን ሙሉ ብርሃን አግኝቻለሁ።

አንድ ጉድለት ወጣ። ረጅሙን ሳበራ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ ምልክት ደብዛዛ ሆናለች። ምልክቷ በአጭሩ ክር በኩል ነበር ኤሌክትሪክ የምታገኘው፤ አሁን በክሩ ፋንታ የሪሌ ጠመዝማዛ ስላለ የሚደርሳት ቀንሷል።

ማክሰኞ፣ ኮምቦልቻ

ቀጥሎ ማነጣጠር። ደሴ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው። ደጃችን ዳገት፣ ሰፈሩ ዳገት። መኪናው የቆመበትና ግድግዳው እኩል ደረጃ ላይ ካልሆኑ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ናት። ከመሥሪያ ቤታችን ጓሮ ረጅም ግንብ አለ፤ መሬቱም ሲሚንቶ ነው። ዘበኛውን አስፈቅጄ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ገባሁ።

ጎማ ነፋሁ። የሥራ ባልደረባዬ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጠልኝ፤ ክብደት የመብራቱን አቅጣጫ ይቀይረዋል። ከግንቡ 10 ሜትር ርቄ ቆምኩ። የመብራቶቹ መሐል ከመሬት 64 ሳንቲ ሜትር ነው። ግንቡ ላይ በጠመኔ 64 ላይ አንድ መስመር፣ 54 ላይ ሌላ መስመር አሰመርኩ። አጭር መብራት በ10 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ የታችኛው መስመር ላይ ያርፋል። በቀኝ በኩል ጠርዙ ወደ ላይ ይነሳል። የእግረኛ ዳር ለማሳየት የተሠራ ነው።

በነገራችን ላይ ከቀኝ መሪ ወደ ግራ የተቀየረች መኪና ያለው ሰው ይህን ይፈትሽ። መብራቱ አብሮ ካልተቀየረ የሚነሳው በግራ ነው፤ ከፊት የሚመጣው ላይ። የአውሮፓ ደረጃ ምልክት ባለው መስታወት ላይ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያሳይ ቀስት ከተቀረጸ መብራቱ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው። የእኔ ቀስት የለውም።

የቀኙ ጠርዝ ከላይኛው መስመርም አልፎ ነበር። የባሕር ዛፉ ነገር ተፈታ። ካቻቢቴ ይዤ የከፍታውን ብሎን ቀስ እያልኩ አዞርኩ፤ አንዱን ሳስተካክል ሌላውን በጨርቅ ሸፈንኩት። ባልደረባዬ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ «ትንሽ ዝቅ… በቃ፣ በቃ!» ይለኛል።

ማክሰኞ ማታ፣ ሐረጎ

ከኮምቦልቻ ስወጣ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። የቀኙ ዳር ቦይና ድንጋዩ ሳይቀር ይታያል። ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ገና ከሩቅ ታዩኝ።

ከፍ ካልኩ በኋላ አንድ አይሱዙ ተበላሽቶ ቆሟል። የኋላ መብራት የለውም። ሹፌሩ እንደተለመደው አስፋልቱ ላይ ቅጠልና ድንጋይ ደርድሯል። ቅጠሉን ያየሁት በቂ ርቀት ላይ ነው፤ ፍሬን ሳልረግጥ ማርሽ ቀንሼ አለፍኩ። ከፊት የመጡ መኪኖች አንዳቸውም መብራት አላርገበገቡብኝም። ለእኔ ትልቁ ፈተና ይህ ነበር።

ላይኛው ጫፍ ላይ ጉም ገጠመኝ። ረጅሙን ለአፍታ ሞከርኩት፤ ፊቴ ነጭ ግድግዳ ሆነ። ወዲያው ወደ አጭር መለስኩ። ጉም ውስጥ የትኛውም የፊት መብራት ሩቅ አያሳይም፤ አጭሩ ከጠርዙ በላይ ብርሃን ስለማይልክ ቢያንስ የአስፋልቱን መስመር ይሰጥሃል። ፍጥነቱ ግን መቀነስ አለበት፤ እዚያ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ነው ያለሁት።

ቤት ስደርስ ሞተሩን ሳላጠፋ ሶኬቶቹን፣ ሪሌዎቹንና የቫልቮላ ቤቶቹን በእጄ ዳሰስኩ። የላላ ግንኙነት ካለ እዚያ ይግላል። ለብ ያለ ነገር የለም።

የወጣው፣ የቀረው

እስካሁን 2,850 ብር ወጥቷል። የተዘጋጀውን ሽቦ ሱቁ ተቀብሎኛል። በቀረው 150 ብር ላይ ውሎ አድሮ ጨምሬ አንድ መጠባበቂያ አምፖል ገዝቼ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የግራው ጥቁር ጎማ ጠርዙ ተሰንጥቋል፤ ውሃ ከገባ መስተዋቱ ይበላሻል፤ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች እየፈለግሁ ነው። ለሰማያዊዋ ምልክት ደግሞ ጋሼ ሐሳብ አለኝ ብለዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ጋ እሄዳለሁ።